አይብ

አይብ በኢትዮጵያ ከአሬራ የሚሠራ ነጭና ፍርፍር ያለ የወተት ውጤት ነው። አሬራ ማለት ተንጦ ቅቤው የወጣለት እርጎ ሲሆን በእሳት ሲሞቅ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚረጋው ክፍል አይብ፣ የሚቀረው ውሃማ ፈሳሽ ደግሞ አጓት ይባላል። በአውሮፓ እንደሚሠሩት ብዙዎቹ አይቦች ወተቱን ለማርጋት የጥጃ ጨጓራ ኢንዛይም አያስፈልገውም፤ ተጨምቆና ተቀርጾም ለወራት አይቀመጥም። አብዛኛው አይብ በተሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላል።

በአንዳንድ አካባቢዎች ግን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ተደርጎ የሚዘጋጅ ዓይነትም አለ። ከእነዚህ መካከል በጎጃም የሚሠራው መጣጣ አይብ ዋነኛው ነው። የትግራዩ ሀዞና የቦረናው ኢቲቱ በጥብቅ ትርጉም አይብ ባይሆኑም የተዘጋጁት አንድን ተመሳሳይ ችግር ለመፍታት ነው፤ ችግሩም ማቀዝቀዣ በሌለበት ወተትን ሳይበላሽ ማቆየት ነው። የኢትዮጵያ ባህላዊ አይቦች አንዱ ከሌላው የሚለየው በዋናነት አጓቱ በሚወጣበት መጠን፣ በሚገባበት ቅመምና በሚቀመጥበት ዕቃ ነው።

ስያሜ

በአማርኛ አይብ የሚባለው በትግርኛ ኣጅቦ፣ በአፋን ኦሮሞ ባዱ ይባላል። በግዕዝ ግብነት የሚለው ቃል ይገኛል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አይብ የሚለው ስም በአብዛኛው የሚያገለግለው ለአገር ቤቱ አይብ ነው። ጠጣሩ የውጭ አይብ ከጣሊያንኛ በተወሰደው ቃል ፎርማጆ፣ ወይም ከእንግሊዝኛ በተወሰደው ቺዝ ይጠራል። በምግብ ሳይንስ ትምህርት ግን አይብ የሚለው ቃል ለሁሉም ዓይነት በጥቅል ያገለግላል።

አሠራር

ወተት ማጠራቀም

የአገር ዝርያ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሆን ነው። ቤተሰቡ ከሚጠጣው የሚተርፈው በአንድ ጊዜ ለመናጥ ስለማይበቃ የየዕለቱ ትርፍ በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ዕቃው እንደየአካባቢው ቅል ወይም የሸክላ ማሰሮ ሊሆን ይችላል። ወተት ከመግባቱ በፊት ዕቃው በደንብ ይታጠብና በሚጤስ እንጨት ይታጠናል። ለዚህ በሰፊው የሚመረጠው ወይራ ነው።

ወተቱ በቤት ውስጥ ሙቀት ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ በራሱ ይረጋና እርጎ ይሆናል። ለብቻው የተዘጋጀ እርሾ አይጨመርበትም። ወተቱን የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ሕዋሳት ከወተቱ፣ ከአየሩና ከዕቃው ግድግዳ የሚመጡ ናቸው።

መናጥ

እርጎው ሲበቃ የዕቃው አፍ ተከድኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይናጣል። የሸክላ መናጫ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በመናጥ ጊዜ የሚፈጠረው አየር የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ቀጭን እንጨት ወይም ሰንበሌጥ በቀዳዳው አስገብቶ በማውጣትም ቅቤው እህል እህል መስሎ መውጣት መጀመሩን ማወቅ ይቻላል። ቅቤው ሲሰበሰብ በእጅ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። በዕቃው የቀረው ፈሳሽ አሬራ ነው።

ሥራው አድካሚ ከመሆኑም በላይ እንደ ወተቱ መጠንና እንደ ቀኑ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ ካጠኑት ተቋማት አንዱ ነው። ማዕከሉ የተለመደውን የሸክላ መናጫ ሳይቀይር በውስጡ የሚሽከረከር የእንጨት መቅዘፊያ አዘጋጅቶ የመናጫውን ጊዜ በእጅጉ ማሳጠር እንደሚቻል አሳይቷል።

ማሞቅና ማጥለል

አሬራው በድስት ወይም በማሰሮ ተደርጎ በለዘብተኛ እሳት ላይ ይጣዳል። ብዙ ጊዜ አይማሰልም፤ ቢማሰልም በዝግታ ነው። ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነጩ ክፍል ተሰብስቦ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አጓቱም ቢጫ አረንጓዴ መልክ ይዞ ከሥር ይለያል። በ40 እና በ70 ዲግሪ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት የሚገኘውን የአይብ መጠን ብዙም አይለውጠውም። ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን አይቡ ጠንከር ይላል፤ የመብሰል ጣዕምም ያመጣል።

ድስቱ ከእሳት ወርዶ ከቀዘቀዘ በኋላ አይቡ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት ይጠለላል። አጓቱ ብዙውን ጊዜ ለጥጆችና ለሌሎች እንስሳት ይሰጣል፤ ሰውም ይጠጣዋል።

የመርጋቱ ምክንያት

የወተት ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ይባላል። በትኩስ ወተት ውስጥ ኬዚን እርስ በርሳቸው በሚገፋፉ ደቃቅ እንክብሎች መልክ ተበትኖ ይገኛል። ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ሲቀይሩ ይህ መገፋፋት እየደከመ ይሄዳል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች 4.6 ገደማ ሲደርስ እንክብሎቹ ይያያዙና ወተቱ ይረጋል። አሬራን ማሞቅ የተያያዘው ኬዚን ይበልጥ እንዲጠባበቅና በመካከሉ የያዘውን ውሃ እንዲለቅ ያደርገዋል።

በዚህ መንገድ የረጋ አይብ እንደ ሞዛሬላ በእሳት አይቀልጥም፤ አይለጠጥምም። በወተት ውስጥ የነበረው ካልሲየም በአሲዱ ተሟሙቶ ብዙው ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ ፕሮቲኑን እንደ ክር አያይዞ የሚይዝ ነገር ይቀንሳል። አይብ በእጅ ሲነካ ፍርፍር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይዘትና የምርት መጠን

ከአሬራ የተሠራ አይብ በግምት 79 በመቶ ውሃ፣ 15 በመቶ ፕሮቲንና 2 በመቶ ስብ ይይዛል፤ ቀሪው ማዕድናትና በውሃ የሚሟሙ ሌሎች የወተት ክፍሎች ናቸው። የስቡ መጠን አነስተኛ የሆነው አብዛኛው በቅቤ መልክ ስለወጣ ነው። መናጡ በሚገባ ካልተከናወነ በአሬራው ውስጥ የሚቀር ስብ ስለሚኖር አይቡ ለስለስና ወፈር ይላል።

1 ኪሎ ግራም አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። ከዚያው ወተት ቀድሞ ቅቤ ስለሚወጣ አይቡ የሁለተኛ ዙር ምርት ነው ማለት ይቻላል። ለገበሬ ቤተሰብ የሚሸጠውና ገንዘብ የሚያመጣው በዋናነት ቅቤው ነው። አሬራውና አይቡ በአብዛኛው በቤት ውስጥ የሚበሉ ሲሆን በተለይ ለልጆች ርካሽ የፕሮቲን ምንጭ ናቸው።

የየአካባቢው ዓይነቶች

ትኩስ አይብ

በሸዋ፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በአርሲና በሌሎች ብዙ አካባቢዎች አይብ ሲባል የሚታሰበው ይህ ነው። ጣዕሙ ለዘብ ያለና በትንሹ ኮምጠጥ የሚል ነው። ለብቻው ከመበላት ይልቅ ቅመም የበዛበትን ምግብ ለማለዘብ ያገለግላል። በበዓል ማዕድ ከዶሮ ወጥ ጎን ይቀርባል። ከተቀቀለና ከደቀቀ ጎመን ጋር ሲቀላቀል ጎመን በአይብ ይሆናል። በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣ ወይም በኮረሪማ ታሽቶም ይበላል።

አይብ በጉራጌ

በጉራጌ አይብ ከእንሰት ምግብ ጋር የማይነጣጠል ነው። ክትፎ የሚቀርበው ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ነው። የጎመን ክትፎ የሚባለው ደግሞ ሥጋ የሌለበት ሲሆን በደንብ የደቀቀ ጎመን በአይብ፣ በቅመምና በብዙ ንጥር ቅቤ ታሽቶ ይዘጋጃል። በመስቀል በዓል ሰሞን ከእርዱ ቀን በፊት በሚውል ምሽት የሚበላ የበዓሉ የመጀመሪያ ምግብ ነው። ለዚህ ዝግጅት የሚሆነው ቅቤና አይብ ከበዓሉ በፊት ቀደም ተብሎ ይጠራቀማል። በገበያ ላይ አይብ ብዙ ጊዜ በኮባ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ይጠብቅለታል።

መጣጣ አይብ

መጣጣ አይብ በምዕራብ ጎጃምና በአካባቢው የሚዘጋጅ፣ ዳግም የተብላላ አይብ ነው። መነሻው ትኩስ አይብ ሲሆን በተደጋጋሚ አጓቱ እንዲወርድ ይደረጋል። ከዚያ የተለያዩ ቅመሞች ተጨምረውበት በተከደነ ዕቃ ውስጥ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ውሃው ከተራው አይብ ያነሰ፣ አሲድነቱ ደግሞ የበለጠ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ስሙም ኮምጠጥ ካለው ጣዕሙ ጋር ይስማማል። ከሽታውና ከጣዕሙ ጥንካሬ የተነሣ የሚበላው በጥቂት በጥቂቱ፣ እንደ ማባያ ነው።

ለመቆየቱ ምክንያት የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የውሃው ማነስ፣ የአሲዱ መብዛትና የቅመሞቹ ረቂቅ ሕዋሳትን የመግታት ባሕርይ ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የመጣጣ አይብን ኬሚካላዊ ይዘትና የረቂቅ ሕዋሳት ሁኔታ ለይቶ መርምሯል። ከኢትዮጵያ ባህላዊ አይቦች መካከል ከአንድ አካባቢ ስም ጋር ተያይዞ በጥናት የተመዘገበው በተለይ ይህ ነው።

ሀዞ

ሀዞ በምሥራቅና በደቡብ ትግራይ ከአሬራ የሚዘጋጅ፣ ቅመም ገብቶበት የተብላላ የወተት ውጤት ነው። ከአይብ የሚለየው አሬራው በእሳት ረግቶ ከአጓቱ እንዲለይ የማይደረግ በመሆኑ ነው። ይሁንና ዓላማው ከመጣጣ አይብ ጋር አንድ ነው፤ ወተት ከሚበዛበት ወቅት የተረፈውን ወተት ወደሚያንስበት ወቅት ማሻገር ነው።

ኢቲቱ

ኢቲቱ የቦረና አርብቶ አደሮች የሚያዘጋጁት ወፍራም የረጋ ወተት ነው። የሚዘጋጀው ከሥራ ሥር ክር በተጠለፈና ጎርፋ በሚባል ዕቃ ውስጥ ሲሆን ዕቃው ታጥቦ በጢስ ይታጠናል። ወተቱ ሲረጋ አጓቱ ይወጣና በምትኩ ሌላ ወተት ይጨመራል። ይህ ሲደጋገም የሚገኘው ውጤት እየወፈረ ይሄዳል። ከመናጥ የሚገኘው አሬራ ስላልሆነ ቅቤው አብሮት ይቀራል፤ በዚህም ከአይብ ይልቅ በስብ የበለጸገ ነው። ኢቲቱ ለሳምንታት የሚቆይ ሲሆን እስከ ሁለት ወር ሊዘልቅ ይችላል።

የግመል ወተት

በሶማሌና በአፋር ክልሎች እንዲሁም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የግመል ወተት ዋና ምግብ ቢሆንም በባህሉ አይብ አይሠራበትም። ምክንያቱ በወተቱ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነው። የግመል ወተት እንክብሎች ከላም ወተት የሚተልቁ ሲሆኑ ለመርጋት የሚረዳው ካፓ ኬዚን የተባለው ክፍልም በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ በጥጃ ኢንዛይም በደንብ አይረጋም፤ ሲኮመጥጥም የሚፈጥረው እርጎ ልል ነው። በመሆኑም የግመል ወተት የሚጠጣው ትኩሱን ወይም ኮምጥጦ ነው።

አይብና ጾም

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በጾም ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ አይመገቡም። ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዓቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት ጨምሮ ለምእመናን የጾም ቀናት ቁጥር በዓመት ወደ 180 ይደርሳል። ላም ግን በጾምም ትታለባለች። በጾም ወቅት ትኩስ ወተት የሚገዛ ሰው ስለሚቀንስ ገበሬው ወተቱን ወደሚቆይ ነገር መለወጥ ይኖርበታል።

ቅቤ ይህን ችግር በቀላሉ ይፈታል፤ ከተነጠረ ለወራት ይቆያልና። ትኩስ አይብ ግን በጥቂት ቀናት ስለሚበላሽ ጾሙን አይሻገርም። በደጋው ክርስቲያን አካባቢ እንደ መጣጣ ያለ የሚቆይ አይብ ያለው ጥቅም በዚህ ይታያል። ጾሙ ሲፈታ፣ በተለይ በፋሲካና በገና፣ የአይብና የቅቤ ፍላጎት በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ይጨምራል።

የሴቶች ሥራና ገቢ

ወተት ማጠራቀም፣ መናጥ፣ አይብ መሥራትና መሸጥ በአብዛኛው የኢትዮጵያ አካባቢ የሴቶች ሥራ ነው። ከቅቤና ከአይብ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም በልማድ በሴቷ እጅ ይቆያል። ለጨው፣ ለቡና፣ ለልጆች ልብስና ለመሳሰለው የቤት ወጪ የሚውለው ይህ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ በሐዲያ፣ በስልጤና በአጎራባች አካባቢዎች ዊጆ የሚባል የሴቶች የወተት ማኅበር ይታወቃል። አሠራሩ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰላል። አባላቱ የየቤታቸውን ወተት ወይም ቅቤ በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ተራው የደረሳት ሴት በአንድ ጊዜ ለመናጥና ለገበያ የሚበቃ መጠን ታገኛለች። አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ለብቻዋ ልትሠራው የማትችለውን በዚህ መንገድ ትሠራለች።

ትኩስ ወተት ለፋብሪካ ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር መሸጥ ሲስፋፋ ይህ ሁኔታ ይለወጣል። ወተቱ እንዳለ ከቤት ስለሚወጣ አሬራም አይብም አይኖርም። ክፍያው በወር አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በአባልነት ለተመዘገበው ለቤቱ አባወራ ይሰጣል። የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ሊያድግ ይችላል፤ ሴቷ በቀጥታ የምታዝበት ገንዘብና ልጆች የሚበሉት አይብ ግን ሊቀንስ ይችላል።

በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ዘመናዊ የወተት ምርት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1947 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት በኩል ወደ አገሪቱ የገቡት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ናቸው። ኋላ በሾላ የተቋቋመው የወተት ማቀነባበሪያ የከተማው ዋና ወተት አቅራቢ ሆኗል። ከተማው ወተትና የወተት ውጤት የሚያገኘው በዋናነት ከሆለታ፣ ከሰላሌ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከቢሾፍቱ አካባቢ ሲሆን በከተማው ውስጥም ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች አሉ።

በከተማው ምዕራብ የሚገኘው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአይብ ገበያ ረገድ ምቹ ቦታ ላይ ነው። ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በክፍለ ከተማው ውስጥ በምትገኘው አየር ጤና በኩል ይወጣል፤ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውም ከዚያው መስመር ዓለም ገና ላይ ይገነጠላል። ስለዚህ ከጉራጌና ከስልጤ የሚመጣ ቅቤ፣ አይብና ቆጮ በዚህ አቅጣጫ ይገባል። በክፍለ ከተማው ብዙ የጉራጌና የስልጤ ተወላጆች ስለሚኖሩ አይብ ከቆጮ ጋር የመብላት ልማድ ጠንካራ ነው። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የወተት ውጤት በዓቢይ ጾምም ስለሚበላ ፍላጎቱ በዚያ ወቅት ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም።

በከተማው ሱቆች የሚሸጠው ሞዛሬላ፣ ጎዳና የመሳሰለው ፎርማጆ የሚሠራው በፋብሪካ፣ በኢንዛይም ከረጋ ወተት ነው። ገዢዎቹም በአብዛኛው ሆቴሎች፣ ፒዛ ቤቶችና ሱፐርማርኬቶች ናቸው። የአገር ቤቱ አይብ ደግሞ በገበያ፣ በቅቤ ቤቶችና በክትፎ ቤቶች ይገኛል።

ንጽሕናና ጤና

አይብ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ካልተፈላ ወተት ነው። ወተትን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ለማንጻት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ማቆየት ያስፈልጋል። አሬራው የሚሞቅበት 50 ዲግሪ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ወተቱ የብሩሴሎሲስ ወይም የከብት ሳንባ ነቀርሳ ካለባት ላም የመጣ ከሆነ አሲዱና ለብታው ብቻቸውን ሙሉ ዋስትና አይሰጡም።

የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሐዋሳ ገበያ የሚሸጥ አይብ መርምረው ብዛት ያላቸው ባክቴሪያዎችና እርሾዎች አግኝተውበታል። ከአያያዝ ጉድለት የሚመጡ ተሕዋስያንም በከፊሉ ናሙና ታይተዋል። አይቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ በእጅ መነካቱ፣ በቅጠል መጠቅለሉና በክፍት መሸጡ ለዚህ መንገድ ይከፍታል። በሌላ በኩል የዕቃ መታጠን በሚረጋ ወተት ላይ ያለው ተጽዕኖ ሲመረመር ጢሱ ጎጂ ተሕዋስያንን እድገት የማዘግየት አቅም እንዳለው ታይቷል። የእናቶች ልማድ ከሽታና ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው ማለት ነው።

በቤት ውስጥ አደጋውን ለመቀነስ የሚረዱት እርምጃዎች ቀላል ናቸው። አሬራውን ከ72 ዲግሪ በላይ ማሞቅ አይቡን በመጠኑ ቢያጠነክረውም አብዛኞቹን በሽታ አምጪዎች ይገድላል። ማጥለያው ጨርቅ ተቀቅሎ መድረቅ፣ አይቡ በንጹሕ ማንኪያ መውጣትና በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ካልተፈላ ወተት ከተሠራ አይብ ቢጠነቀቁ ይመከራል።

በውጭ አገር

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሬራ በቀላሉ ስለማያገኙ አይብን በሌላ መንገድ ይሠሩታል። ሙሉ ወተት እስኪፈላ ድረስ ይሞቅና ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይጨመርበታል፤ ሲቋጠር በጨርቅ ይጠለላል። አንዳንድ ምግብ ቤቶች ሪኮታ ወይም ፌታ የተባሉትን አይቦች በምትኩ ይጠቀማሉ። በሎሚ የተሠራው አይብ ቅቤው ስላልወጣለት ከአገር ቤቱ ይልቅ ስብ ይበዛዋል፤ የእርጎ ኮምጣጣነትና የጢስ ሽታ ግን የለውም።

ይኸው ዘዴ በላቲን አሜሪካ ኬሶ ብላንኮ በሚባለው አይብ ይታወቃል፤ ትርጉሙ በስፓንኛ ነጭ አይብ ማለት ነው። ኢልካም ለአነስተኛ ገበሬዎች ባዘጋጀው የወተት አያያዝ መመሪያ ውስጥ ይህን አይብ ከአይብ አሠራር ጋር አካትቶታል።

ከስፔን አይቦች ጋር ሲነጻጸር

ስፔን በአካባቢ ስም የሚታወቁ ብዙ አይቦች ያሏት አገር ናት። ከኢትዮጵያ አይብ ጋር ያላቸው ልዩነት አሠራሩንም አስተዳደሩንም ይመለከታል።

ማንቼጎ በላ ማንቻ ከማንቼጋ ዝርያ በጎች ወተት ይሠራል። ትንሹ ቢያንስ ለ30 ቀናት፣ ትልቁ ቢያንስ ለ60 ቀናት መቆየት ያለበት ሲሆን እስከ 2 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ካብራሌስ በአስቱሪያስ ተራሮች ከላም ወተት ወይም ከላም፣ ከበግና ከፍየል ቅይጥ ይሠራል። በተፈጥሮ ዋሻዎች ውስጥ ቢያንስ ለ2 ወራት ተቀምጦ ሰማያዊ ሻጋታ ያበቅላል።

ኢዲያሳባል በባስክና በናቫራ ከበግ ወተት ይሠራል፤ አንዳንዱ በጢስ ይታጠናል።

ቶርታ ዴል ካሳር በኤስትሬማዱራ ከበግ ወተት ይሠራል። የሚረጋው በእሾሃማ አትክልት አበባ ነው፤ ውስጡም እጅግ ለስላሳ ነው።

በእነዚህ አይቦች ወተቱ የሚረጋው ቅቤው ሳይወጣ ነው፤ ከዚያ ጨው ገብቶበት ይቀመጣል። ማንቼጎ ከግማሽ በታች ውሃ ሲኖረው የኢትዮጵያ ትኩስ አይብ ወደ አራት አምስተኛው ውሃ ነው። የመቆየታቸው ልዩነት በዋናነት ከዚህ ይመጣል። ጢስን በተመለከተም የሚታይ ልዩነት አለ፤ በባስክ የሚታጠነው አይቡ ሲሆን በኢትዮጵያ የሚታጠነው ወተቱ የሚገባበት ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የስም ጥበቃ ነው። የተጠቀሱት አራቱ የስፔን አይቦች በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ የመነሻ ስም አላቸው። ማንቼጎ የሚለውን ስም ከተወሰነው አካባቢ ውጭ ወይም ከሌላ በግ ወተት ለተሠራ አይብ መጠቀም አይቻልም። ለዚህ ያበቃቸው አሠራራቸው በጽሑፍ መስፈሩ፣ ወተቱ ከየት እንደሚመጣ መወሰኑና የሚቆጣጠር አካል መኖሩ ነው። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ጥረት የተደረገው በቡና ነው፤ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከስምምነት ደርሷል።

ለአይብ እንዲህ ያለ ጥበቃ ቢታሰብ ቅርብ የሚሆነው መጣጣ አይብ ነው። የሚሠራበት አካባቢ የታወቀ ነው፤ ከሌላው የሚለይበት አሠራርና ጣዕም አለው፤ ለብዙ ጊዜ ስለሚቆይም ሩቅ ገበያ ሊደርስ ይችላል። ትኩስ አይብ በአንጻሩ በመላ አገሪቱ የሚሠራና ቶሎ የሚበላ ስለሆነ ጥቅሙ በዋናነት ለቤትና ለቅርብ ገበያ ነው። የሁለቱም አሠራር እስካሁን የሚተላለፈው በአብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሥራ ነው።